አሮጌ ነገርን ስለ ማወቅና ስለ መሸጥ

በአገራችን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ባረፉ ጊዜ፥ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሣጥኑን ይከፍታል። መሬቱን፥ ከብቱንና እህሉን መካፈል የታወቀ ደንብ ስላለው ሽማግሌ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ከሣጥኑ ሥር የሚወጣው አሮጌ ነገር፥ ይኸውም የተጨማደደ ብራና፥ የጠቆረ መስቀል፥ የቆየ ብር፥ የሕፃን መጫወቻ፥ ምን እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፥ ወይ ለአይጥ ይተዋል፥ ወይ ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሸጣል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የተባለው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ሦስት ትልልቅ ጥያቄዎች አሉበት። አንደኛው፥ ይህ ነገር ምንድን ነው? የሚል የዕውቀት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፥ ይህ ነገር የማን ነው? የሚል የፍርድ ጥያቄ ነው። ሦስተኛው፥ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ላይ በምን ዋጋ ሊገዛ ይገባዋል? የሚል የኅሊና ጥያቄ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ወይም ነገ አንተም የአባትህን ወይም የአያትህን ሣጥን መክፈትህ አይቀርምና፥ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከወዲሁ አስበህባቸው ብትቈይ ይጠቅምሃል።

እኔ ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍሁ፥ ዛሬ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። በልጅነቴ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ነበረ፥ ብራና መፋቅና ቅኔ መቍጠር ከትምህርቴ ውስጥ አልነበሩም። የኖርሁት ግን በደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ፥ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩባት አገር ናት። ደበሎ የለበሰ፥ አኵፋዳ ያንጠለጠለ ተማሪ በየመንገዱ በሚገኝበት አገር የሚኖር ሰው፥ ራሱ ባይማር እንኳ ከሚያውቁት ጠይቆ ብዙ ነገር ይረዳል። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከእነርሱ የሰማሁትንና ከመጻሕፍት ያነበብሁትን አስተባብሬ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት አንድ የማውቀውን ቤት ልጥቀስ። ከደብረ ኤልያስ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ አንዲት መነኵሲት አሉ። የባለቤታቸው አባት መሪጌታ ነበሩ። እኒህ እማሆይ የልጅ ልጃቸው ሕመም ስለ ጸናበት ወደ ትልቅ ሆስፒታል መውሰጃ ገንዘብ አስፈለጋቸውና፥ ከቆጥ ላይ ለብዙ ዘመን ያልተነካውን ሣጥን አስወረዱ። ከሣጥኑም ውስጥ አንድ በማኅደር ያለ የብራና መጽሐፍ፥ አንድ የተጠቀለለ ክታብ፥ ሰባት ማርትሬዛ ብርና አንዲት ከጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊት ወጡ። ወሬው ሳይውል ሳያድር አንድ ነጋዴ ዘንድ ደረሰ። እርሱም መጥቶ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገና፥ «እናቴ፥ ይህ አይጥ የበላው ብራና ነው፤ ለምንም አይረባም። ችግርዎን ስላየሁ ግን ሁሉንም አንድ ላይ በ8,000 ብር ልውሰድልዎ። ይቺን የጨርቅ ነገር ለልጆች ይስጧት» አላቸው። እማሆይ ፊደል አልቈጠሩም፤ ልብ ግን አላቸው። «ለምንም የማይረባ ከሆነ አንተ ስለ ምን ትገዛዋለህ?» ብለው መለሱለትና ነገ ተመለስ አሉት። እኔን አስጠርተው፥ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህን እይልኝ» አሉኝ። እኔም የማላውቀውን አውቃለሁ ሳልል፥ ብራና የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ይዤ ሄድሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሣ። አሮጌ ነገርን ማወቅ ጥንቈላ አይደለም፤ ምልክት ማንበብ ነው። የዕቃው ዓይነት ሁሉ የራሱ ምልክት አለው። በጀርመን አገር በቱሪንጊያ አውራጃ ሶንበርግ የምትባል ከተማ በአሻንጉሊት ሥራ የታወቀች ናት። በዚያ አካባቢ የነበሩት ፋብሪካዎች ራሱ ከሸክላ የተሠራ አሻንጉሊት በሠሩ ጊዜ ከማጅራቱ ላይ የሠሪውን ስምና የቅርጹን ቍጥር ያትሙ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ አንድ ሰው ከአያቱ ቤት እንዲህ ያለ አሻንጉሊት ቢያገኝ፥ ጠጕሯን ገለጥ አድርጎ ያንን ቍጥር ያነብባል። አርማንድ ማርሴይ የተባለው ፋብሪካ በ390 ቍጥር የሠራት አሻንጉሊት ዕድሜዋ 100 ዓመት ቢያልፍም እጅግ በብዛት ስለ ተሠራች ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው። ከዚህ የምንማረው ማርጀት ብቻውን ዋጋ አለመሆኑን ነው። ያረጀ ሁሉ ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሆነም ሁሉ ያረጀ አይደለም።

ስለ ማርትሬዛ ብርም እንዲሁ ነው። በብሩ ላይ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተጽፎ የሚያይ ሰው ከ200 ዓመት በላይ የቈየ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ፥ ይህ ብር በአረብና በኢትዮጵያ ገበያ ተወድዶ ስለ ነበር፥ ያው የሞተችበት ዓመት እንደ ተጻፈበት በቪየና፥ በሮማ፥ በለንደን፥ በፓሪስና በቦምቤይ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ የተጻፈበት ዓመት የተሠራበትን ዓመት አይናገርም። የሚናገረው ክብደቱና ብርነቱ ነው፤ ይኸውም ከ28 ግራም ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአንጻሩ ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱትና 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር የራሱ ታሪክ አለውና ከማርትሬዛ ጋር አንድ ላይ ተመዝኖ ሊሸጥ አይገባውም።

በብራና ላይ ደግሞ ምልክቱ ይበዛል። መሪጌታው መጽሐፉን ሲመረምሩ ያየሁትን ልንገርህ። መጀመሪያ ያነበቡት የመጽሐፉን መካከል ሳይሆን የፊቱንና የኋላውን ባዶ ቅጠል ነው። ምክንያቱም አባቶች ማን እንዳስጻፈው፥ ለማን እንደ ተሰጠ፥ ማን ንጉሥና ማን ጳጳስ ሆኖ ሳለ እንደ ተጻፈ የሚያኖሩት በዚያ ነው። ቀጥሎ የፊደሉን አጣጣል፥ ቀይ ቀለም የገባበትን ቦታ፥ የመስመሩን ጭረት፥ የጥራዙን አሰፋፍ አዩ። የፍየሉ ቆዳ ጠጕር የነበረበት ወገን ጠቆር፥ ሥጋ የነበረበት ወገን ነጣ ብሎ እንደሚታይም አሳዩኝ። ተአምረ ማርያም ነበር። ከኋላው ቅጠል ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የጳጳሱ የአቡነ ሉቃስ ስም ተጽፏል።

እዚህ ላይ የታሪክ ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም ተመልከት። የጎጃሙ ገዢ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት በ1873 ዓ.ም. ነው። አቡነ ሉቃስም ከሌሎች ሦስት ጳጳሳት ጋር ከግብጽ መጥተው ለጎጃም የተመደቡት ከዚያ በኋላ ነው። ንጉሡ ያረፉት በ1893 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሁለቱን ስም አንድ ላይ የያዘው ጽሑፍ ከእነዚህ ዓመታት መካከል የወጣ መሆኑ ነው። «ራስ አዳል» የሚል ቢሆን ኖሮ ከዚያ የቀደመ ይሆን ነበር። መጽሐፉ ራሱ ግን ከማስታወሻው ሊቀድም ይችላል፤ አሮጌ መጽሐፍ ላይ አዲስ ማስታወሻ መጻፍ የተለመደ ነውና። ጠንቃቃ ሰው ማስረጃው ከሚናገረው በላይ አይናገርም።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየትም የዚሁ ዕውቀት ክፍል ነው። አዲስ ብራና በጢስ አጥቍረው የጥንት ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። ከዚህም የሚከፋው፥ እውነተኛውን የጥንት ጽሑፍ ፍቀው በላዩ አዲስ ሥዕል ስለው ለጐብኚ የሚሸጡ መኖራቸው ነው። ሥዕል ያለበትንም ቅጠል ከመጽሐፉ ቈርጠው ለብቻው የሚሸጡ አሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንደ በግ አርዶ ብልት ያወጣል፤ ቅጠሉ ለአንድ ሰው ግድግዳ ጌጥ ይሆናል፥ መጽሐፉ ግን ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ ይህ ነገር የማን ነው? ብዙ ሰው «በቤቴ የተገኘ ሁሉ የእኔ ነው» ይላል። ይህ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። መሪጌታው ያነበቡት ማስታወሻ መጽሐፉ ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሆኑን፥ የሰረቀውና ስሙን የፋቀው ሰውም የተወገዘ እንዲሆን የሚናገር ነበር። እንዴት ከዚህ ቤት ገባ? ብለን ብንጠይቅ፥ አንድ ሽማግሌ ከአባቱ የሰማውን ነገረን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ብዙ ንዋየ ቅድሳት በየዋሻውና በየሰው ቤት ይደበቅ ነበር። ያም መጽሐፍ እንዳይቃጠል መሪጌታው በሌሊት አምጥተው ሸሸጉት፤ እርሳቸው ሲሞቱ ምስጢሩ አብሮ ተቀበረ። እንግዲህ መጽሐፉ የተሰረቀም አይደለም፥ የተገዛም አይደለም፤ አደራ ነው።

አደራ ከርስትም ከስርቆትም የተለየ ነገር ነው። የሰረቀ ሰው ዕቃው በእጁ ሳለ ኃጢአተኛ ነው፤ አደራ የተቀበለ ሰው ግን ዕቃው በእጁ ሳለ ጻድቅ ነው፤ የሚወቀሰው የሸጠው ዕለት ነው። የዘመን ርዝመትም አደራን ወደ ርስት አይለውጠውም። የመሪጌታው ቤት ያንን መጽሐፍ ከ80 ዓመት በላይ ከአይጥና ከዝናብ ጠብቋል። በዚህም ምስጋና ይገባዋል እንጂ ባለቤትነት አይገባውም።

ነገር ግን ምስጋና ሲባል በቃል ብቻ መሆን የለበትም። አደራ የመለሰን ድኻ መርቆ ባዶ እጁን መሸኘት ክፉ ልማድ ነው። መጽሐፉ ሲመለስ ካህናቱና ምእመናኑ እልል ብለው ተቀበሉ፤ ቅዳሴም ሆነ። የታመመውን ልጅ ግን ማንም አላነሣም ነበር። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፥ «አባቶቼ፥ መጽሐፉ ቤቱ ገባ፤ የጠበቀው ቤት ግን እየተቸገረ ነው። ይህ ቤት ነጋዴውን ቢሰማ ኖሮ ዛሬ ምን እንስም ነበር?» አለ። ያን ጊዜ ሁሉም የአቅሙን አዋጣ። ይህ ሰው የተናገረው ከብዙ ስብከት ይበልጣል እላለሁ። ቅርስ ጠብቁ የሚል ሁሉ ጠባቂውንም መጠበቅ አለበትና።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚከብደው ነው። የሚያውቅ ገዢ ለማያውቅ ሻጭ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበትን? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ተረት አለን፤ ገበያ የብልጦች ነው ማለት ነው። ይህን ጥያቄ የጥንት ሰዎችም ተከራክረውበታል። ሮማዊው ሲሴሮ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምሳሌ ያመጣል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው እንደሚመጡ እርሱ ያውቃል፤ የአገሩ ሰዎች ግን አያውቁም። ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥን ወይስ ይንገራቸው? ዲዮጋን የተባለው ፈላስፋ ሕጉ ያላዘዘውን ነገር አለመናገር ማታለል አይደለም ሲል፥ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሰው ለሰው ወንድም ነውና ሊሰውረው አይገባም ይላል። ሲሴሮም የፈረደው ነጋዴው ሊናገር ይገባው ነበር ብሎ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚስማማ ሌላ ታሪክ አለ። ስኬቮላ የሚባል ሮማዊ መሬት ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ዋጋውን በነገረው ጊዜ፥ መሬቱ ከዚህ ይበልጣል ብሎ በራሱ ግምት 100,000 ሰስተርስ የሚባል ገንዘብ ጨመረለት። ደግ ሰው ነው ያሉት ነበሩ፤ ብልህ ግን አይደለም ብለው የሳቁበትም ነበሩ። ደግነትና ብልህነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ የሚያምን ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ይሆናል? ይህን ጥያቄ ለአንተ እተወዋለሁ።

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1710 እንደሚያመለክተው፥ አንዱ ተዋዋይ የሌላውን ችግር፥ የዋህነት፥ እርጅና ወይም የሥራ ልምድ ማጣት መሣሪያ አድርጎ እጅግ የተጐዳ ውል ቢያዋውለው፥ ፍርድ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። እማሆይን አስብ፤ ችግር፥ እርጅናና ፊደል አለማወቅ በአንድ ሰው ላይ ተሰብስበው ነበር።

አንድ ሰው ምናልባት እንዲህ ብሎ ይከራከረኝ ይሆናል። «ነጋዴው ዕውቀቱን ያገኘው ደክሞ ነው፤ ተራራ ወጥቶ ቍልቍለት ወርዶ የሚፈልገው እርሱ ነው። ካላተረፈ ለምን ይደክማል?» ክርክሩ እውነት አለበት። እኔም ንግድን ሁሉ ስርቆት ነው አልልም። የዕውቀት ድካም ዋጋ ይገባዋል፤ ሐኪምም ጠበቃም የሚበላው ባወቀው ነው። ነገር ግን ሐኪም በሽተኛውን ደኅና ነህ ብሎ ኩላሊቱን አይወስድበትም። ያ ነጋዴ ዝም ብቻ ቢል ኖሮ ክርክር ይኖር ነበር፤ እርሱ ግን መልካሙን ብራና አይጥ የበላው ነው አለ። ይህ ትርፍ ከዕውቀት የመጣ ሳይሆን ከሐሰት የመጣ ነው። ገዢ ለሆነ ሰው አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፤ ሻጩ ነገ እውነቱን ቢሰማ ዐይኑን ቀና ብለህ ማየት ትችላለህን? ከቻልህ ትርፍህን ብላ። ካልቻልህ ግን የበላኸው ትርፍ አይደለም።

ሌላው ክርክር ደግሞ ከነጋዴ ሳይሆን ከድኻ ይመጣል። «የጠገበ ሰው ቅርስ ይጠብቅ፤ የታመመ ልጅ ያለኝ እኔ ግን ምን ልሁን?» ይህን የሚል ሰው ሲገጥመኝ በቍጣ አልመልስለትም። የእውነት የአንተ የሆነውን ነገር ለልጅህ ሕይወት መሸጥ ነውር አይደለም። እማሆይ ሰባቱን ማርትሬዛ ሸጠዋል፤ መልካም አደረጉ። በመጀመሪያ ዋጋ አልሸጡም፤ ደብረ ማርቆስ ልከው ሦስት ብር ሠሪዎች ጠይቀው ከሁሉ የሚሻለውን ወሰዱ። የብሩም ገንዘብ የሰዉም መዋጮ አልበቃ ስላላቸው አንዲት ጊደር ጨመሩ። መጽሐፉን ለነጋዴው ቢሰጡ ጊደሯ ትቀርላቸው ነበር። ጽድቅ ያለ ዋጋ ይገኛል ብዬ አልዋሽህም፤ በዚያ ቤት ዋጋው አንዲት ጊደር ነበረ።

ክታቡስ? የብራና ክታብ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ ይጻፋል፤ የታመመውም ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ይገባል። በዚያ ክታብ ውስጥ የተጻፈው የእማሆይ አማት ስም ነበር። በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ክታብ ለግድግዳ ጌጥ የሚገዙ አሉ። እማሆይ ግን፥ «የእናታችንን ሕመም ገበያ አላወጣም» አሉና መልሰው ጠቀለሉት። እኔ በክታብ ኃይል አላምንም፤ በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን ክብር ግን አከብራለሁ። የሰው ስምና የሰው ሕመም ያለበት ነገር፥ ባለቤቱ ቢሞትም ምስጢርነቱ አይሞትም።

ያቺን የጨርቅ አሻንጉሊት ደግሞ ነጋዴው ከቍጥር አላስገባትም። ሆዷ ጭድ፥ ጠጕሯ የበግ ጠጕር፥ ቀሚሷም ከአሮጌ ጥበብ ቍራጭ የተሰፋ ነበር። ከማጅራቷ ላይ ቍጥር የለም፤ የሠሪ ስምም የለም። እማሆይ ግን ጥበቡን ሲያዩ የማን ቀሚስ እንደ ነበር ዐወቁት፤ የሰፋችውንም እጅ ዐወቁ። እንግዲህ ዋጋ የላትም ማለት ገዢ የላትም ማለት ብቻ ነው። ገዢ ያለው ነገር ሁሉ ከፍ ያለ፥ ገዢ የሌለው ነገር ሁሉ ዝቅ ያለ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፥ የቤቱን ዕቃ በነጋዴ ዐይን ማየት ጀምሯል። አሻንጉሊቷን ታናሽቱ የልጅ ልጅ ወሰደቻት።

ይህ የአንድ ቤት ነገር በአገር ሲሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ ታሪክ ያሳየናል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ሀብት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወስዶ፥ በደላንታ ሜዳ ለራሱ ወታደሮችና መኰንኖች በጨረታ ሸጠው። ዛሬ በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት አሉ። ይህ የባዕድ ዘረፋ ነበር። ነገር ግን የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ሲሰረቅ መቅደሱን የከበበ የባዕድ ጦር አልነበረም። መስቀሉ ተሸጦ ቤልጅግ አገር ከአንድ ሰው እጅ ተገኝቶ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚል ተረት ያወጣ ሰው፥ ዝርፊያው ካለቀ በኋላ የሚያድርበት ቤት እንደማይኖረው አላሰበም።

በዚያው ልክ የሚያኰራ ምሳሌ አለን። ሲራክ አስፋው የሚባሉ በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ፥ በ1990 ዓ.ም. እንግዳ ከቤታቸው ባስቀመጠው ሻንጣ ውስጥ አንድ ዘውድ አገኙ። ዘውዱ በትግራይ ከምትገኘው ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ የ18ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነበር። በስደት ላይ ያለ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ማንም ያውቃል። እርሳቸው ግን ወደ አገሩ ካልሆነ ከዚህ ቤት አይወጣም ብለው 21 ዓመት ሸሽገው ጠበቁት። ዘውዱም በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እኒህ ሰው ከመሪጌታው የሚለዩት በምንድን ነው? አንዱ ከጠላት እሳት፥ ሌላው ከሻጭና ከገዢ እጅ ሸሸጉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሣጥን በከፈትህ ጊዜ የምታደርገውን በአጭሩ ልንገርህ። በመጀመሪያ አትቸኵል፤ የቸኰለች አፍሳ ለቀመች። የጠቆረውን መስቀልና ብር በአመድ አትፈግፍግ፥ ብራናውን በውኃ አትንካ፤ ምልክቱ ከእድፉ ጋር ይሄዳልና። ሁለተኛ፥ ሁሉንም እንደ ተገኘ ጻፈው፤ ከማን ሣጥን፥ ከየትኛው ቦታ፥ ከምን ጋር አብሮ እንደ ወጣ መዝግብ። ዕቃው የመጣበት መንገድ ከጠፋ ግማሽ ዋጋው ይጠፋል። ሦስተኛ፥ ለመግዛት የማይፈልግ ዐዋቂ ፈልገህ ጠይቅ፤ ገዢን ዋጋ መጠየቅ ጅብን የሥጋ ሚዛን ማስያዝ ነው። አራተኛ፥ የቤተ ክርስቲያን፥ የመስጊድ ወይም የሌላ ሰው ስም ካገኘህበት መልስ፤ ስሙን መፋቅ ሁለት ጊዜ መስረቅ ነው። አምስተኛ፥ የአንተ ለመሆኑ ጥርጥር ከሌለበት ሕጉን ጠይቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ግለሰብ ቅርስ በእጁ ሊይዝ እንደሚችል፥ ነገር ግን እንዲያስመዘግበው፥ ወደ ሌላ ሰው ሲያስተላልፍም አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ደንግጓል።

ስድስተኛ፥ መጽሐፍ ከሆነ ከእጅህ ሳይወጣ ፎቶግራፉ ይነሣ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከ9,000 በላይ ናቸው። መጻሕፍቱ በየባለቤታቸው እጅ ሲቀሩ ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በመዘርዘር አሳለፉበት። ከእነዚህ መጻሕፍት መካከል ዋናው ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም። ዛሬ በኪስህ ያለው ስልክ ይህን ሥራ ሊጀምር ይችላል። እማሆይ ቤት የተገኘውን ተአምረ ማርያም ሁለት ወጣቶች በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅጠል በቅጠል አንሥተውታል።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ ብለው ያስተምራሉ። አሮጌ ዕቃም ሰምና ወርቅ አለው። ብራናው፥ ብሩ፥ ጨርቁ ሰም ነው፤ የሠራው እጅ፥ የጠበቀው ቤት፥ የተሰጠበት አደራ ወርቅ ነው። ሰሙን መሸጥ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። ወርቁን ግን ሳታውቀው እንዳትሸጠው አስቀድመህ ማንበብ ተማር። ትምህርት ቤት የሄድኸውም አንዱ ለዚህ ነው።